ቦክሱ ሦስት አርብ ዝም ያለ ጊዜ

መካነ ሰላም ውስጥ «ኮምፒውተር የሚነካ ሰው» ተብሎ መታወቅ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የምጠግን ሠራተኛ ነኝ፤ ለጎረቤቶቼ ግን ገመድ ያለው ዕቃ ሁሉ የእኔ ሥራ ነው። ካውያ ያመጡልኛል፣ ፍሪጅ ያሳዩኛል፣ አንድ ጊዜማ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን በጋሪ ጭነው መጥተው በሬ ላይ አራግፈውልኝ ሄደዋል። እበሳጫለሁ፣ እነጫነጫለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ እፈታታዋለሁ። መፈታታት እንደምወድ ስለሚያውቁ ብስጭቴን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።

ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታቸው ሴትዮ ግን የማልነጫነጭባቸው ሰው ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በዒድ ቀን ለእኔ ብቻ ብለው አንድ ዶሮ በክርስቲያን እጅ አሳርደው ለብቻ ያሠሩልኛል። ባልበላ ይቀየሙኛል፣ ብበላ ደግሞ ጥቂት ነው የበላኸው ይሉኛል።

ልጃቸው የምትሠራበት ቤት ስልክ መያዝ አይፈቀድም። ማዳሟ በዓመት ሁለቴ፣ ለሁለቱ ዒዶች ብቻ፣ በራሷ ስልክ ታስደውላታለች። እንግዲህ አርብ አርብ ልብስ ልትተኩስ ወደዚያ ቤት የምትመጣ አንዲት ሕንዳዊት አለች። እሷ ናት ለልጅቱ ያዘነችላት። በስልኳ ትቀርጻትና ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ ባለ የራሷ ማስቀመጫ ትከተዋለች። ባሏ የቴሌቪዥን ዕቃ ጠጋኝ ነውና፣ ያን ቪዲዮ እዚህ ድረስ አውርዶ የሚያሳይ ቦክስ አሰናድቶ በአንዲት ተመላሽ የከተማችን ልጅ እጅ ላከ። የእትዬ ዐይን ደክሟል፤ ስልክ ላይ ያለ ፊት አይለይላቸውም። ቴሌቪዥን ላይ ሲሆን ግን የልጃቸውን ጥርስ ሳይቀር ይቆጥራሉ።

ቦክሱ መዳፍ የምታክል ርካሽ ጥቁር ሳጥን ነው። ውስጡ ያለው ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፣ ያውም ከትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚነሳ። የእኔን ዋይፋይ በግድግዳ አሳልፎ ይይዝና አርብ ከሰዓት፣ እንዲሁም ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር፣ አዲስ ነገር ካለ አውርዶ ይደረድራል። የሕንዳዊቷ ማስቀመጫ የሚከፈትበት የይለፍ ቃል ያለው እዚያች ካርድ ውስጥ ብቻ ነው። እኔ አላውቀውም፣ እትዬ አያውቁትም፣ የሕንዳዊቷም ስልክ ቁጥር የለንም። ካርዷ ከጠፋች ልጅቱን ለማየት ያለችው አንዲት መስኮት ተዘጋች ማለት ነው።

የሰዓቱ ነገር የተነሳው ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። እትዬ ቤት ገብቼ ቆሎ እየቆረጠምሁ ሳለ በአገጫቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆም አድርገው፣ «ይሄ ዕቃ ሁሉ ነገሩ ደግ ነው፤ ሰዓቱ ግን ይዋሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ይላል። ከሥሩ የተጻፈውም ቀን የፈረንጅ ነው፤ ዓመቱ ከእኛ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድማል።

ሌላ ሰው ቢሆን «እትዬ፣ ስድስት ይቀንሱለት» ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ማለፍ መች አውቄ። ላፕቶፔን አምጥቼ ከቦክሱ ጋር አገናኘሁና፣ በተነሳ ቁጥር ትክክለኛውን ሰዓት ከኔትወርክ ወስዶ ስድስት ሰዓት እንዲቀንስ፣ ቀኑንና ዓመቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር እንዲመልስ አጭር ትእዛዝ ጻፍሁለት። ጳጉሜን ስትመጣ ምን እንደማደርግ አላሰብሁበትም ነበር፤ ያን ጊዜ እናያለን አልሁ። አጥፍቼ ባበራው ሰዓቱ ሦስት፣ ወሩ ሐምሌ፣ ዓመቱ የኛው። እትዬ «አላህ ያክብርህ፣ አሁን ሰው ሆነ» ብለው መረቁኝ። ደረቴን ነፍቼ ነው የወጣሁት።

በዚያ ሳምንት አርብ ቪዲዮ አልመጣም።

የመጀመሪያውን አርብ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። ክረምት ነው፤ ነጎድጓድ አለ፤ መብራት ይሄዳል ይመጣል። «ኔትወርክ ይሆናል እትዬ፣ አብሽሩ» አልኋቸው። የቆዩትን ቪዲዮዎች ደጋግመው አይተው ተኙ።

ሁለተኛውም አርብ ባዶ ሆነ። ቦክሱ ይነሳል፣ ሪሞት ይሰማል፣ የቆየውን ያጫውታል፤ አዲስ የሚባል ነገር ግን የለም። ወደ ሥራዬ ገባሁ። አዳፕተሩ ደክሞ ይሆናል ብዬ የራሴን ሰካሁለት። ገመድ ቀየርሁ። ዋይፋዩን በስልኬ ሞከርሁት፣ ደህና ነው። ቦክሱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቼ ሞቆት ከሆነ ብዬ መስኮት ላይ አስቀመጥሁት። መጨረሻ ላይ፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፦ ላፕቶፔን አገናኝቼ ሎጉን ከፈትሁ። ሎግ ማለት ማሽኑ የሠራውንና ያቃተውን ሁሉ የሚጽፍበት የራሱ ማስታወሻ ነው። የሕንዳዊቷን ማስቀመጫ ለመክፈት ሲሞክር እንዳልተሳካለት በእንግሊዝኛ ጽፏል፤ ስለ ምስክር ወረቀትና ስለ ጊዜ የሚል ነገር አየሁ። ወረቀትና ጊዜ አንድ ላይ ካየሁ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጊዜው አልፏል። መታወቂያ ጊዜው ያልፋል፣ ፈቃድ ጊዜው ያልፋል። ሕንዳዊቷ ማስቀመጫውን ትታዋለች፣ ተዘግቷል ብዬ ደመደምሁና ላፕቶፑን ከደንሁ። ቃሉን እስከ መጨረሻው አላነበብሁትም። ትዕቢት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ይሄን ለእትዬ እንዴት ልንገራቸው? የሚቀጥለው ዒድ ገና ብዙ ወር ይቀረዋል። «ምን ሆኖ ነው?» ሲሉኝ «እየታየ ነው» አልሁ። በማግስቱም «እየታየ ነው» አልሁ። ዐይናቸውን ግን ማየት አቃተኝ።

በእኛ አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ። ሰው ዐረብ አገር ሲሞት ለእናት ቶሎ አይነገርም። ዘመድ ከያለበት እስኪሰባሰብ፣ ሽማግሌ እስኪገኝ፣ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ይከርማል። ያን ሰሞን ስልክ ተበላሸ ይባላል፣ ኔትወርክ ጠፋ ይባላል፣ ጎረቤት እናትየዋን ሲያይ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ አንድ ቀን በማለዳ ሁለት ሦስት ሆነው ይመጡና መርዶውን ያረዳሉ። እትዬ ይሄን ሥርዓት ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ለስንቱ እናት ራሳቸው አፋቸውን ይዘዋል።

ሦስተኛው አርብም እንዲሁ አለፈ። በዚያ ሳምንት እትዬ ምንም አልጠየቁኝም። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ከዚያ በላይ ቃል የለም። ምናልባት ጥፋቱ የቦክሱም ቢሆን በሚል አዲስ ካርድ ገዝቼ አዲስ ሥርዓት ልጭንበት ብዬ ቦክሱን እንዲሰጡኝ ብጠይቃቸው፣ «ተወው ልጄ፣ አትድከም» አሉኝ። እኔ ሞኙ ተስፋ ቆርጠው መሰለኝ። እንኳንም አልሰጡኝ፤ አዲሱ ካርድ እምቢ ቢለኝ የቀድሞውን ደምስሼ እዚያው ላይ ልጭንበት አስቤ ነበር። የይለፍ ቃሉ እዚያው ላይ ጠፍቶ ይቀር እንደነበር ሳስበው ዛሬም ጀርባዬን ይበርደኛል።

በአራተኛው አርብ ጠዋት ጫማዬን አስሬ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ከግድግዳው ማዶ ጩኸት ሰማሁ። ዘልዬ ገባሁ። እትዬ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይዘዋል። በሩ ላይ ከወግዲ የመጣው ታናሽ ወንድማቸው ቆሟል፤ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ገበሬ ነው። ዝናብ አርሶታል። ፊቱን በፎጣ ጠምጥሞ ጉንጩን በእጁ ደግፏል። በማለዳ፣ ሳይጠራ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ ጉንጩን ይዞ። እኔ ራሴ ሳየው እውነትም ይሄ ሰው መርዶ ይዞ ነው የመጣው አልሁ።

«ምንድን ነው?» አልሁት። አፉን ሊከፍት ሞከረ፤ «እ… እ…» ብቻ ወጣው። ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

እትዬ እኔን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸው አንተም ገባህ። ሁለት ሆናችሁ ነዋ የምትገቡት። ሽማግሌው የት ቀረ?»

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም» አልሁ።

«አታውቅም? ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊትህን አዙረህብኝ አታውቅም? እኔ ማሽን አላውቅም፤ ሰው ግን አውቃለሁ።» እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉ። ድምፃቸው ከለቅሶው ይልቅ ቁጣው በዝቶበታል። «ይሄ ዕቃ ሪሞቱን ይሰማል። የጥንቱን ያጫውትልኛል። ሰዓቱን እንኳ አንተ እንዳደረግኸው አንዲት ሳያዛንፍ ይቆጥራል። ልጄን ብቻ ለይቶ የሚደብቅ ምን ዓይነት ብልሽት ነው? አንተ ነህ የዘጋህብኝ። አፍ አውጥታችሁ እስክትነግሩኝ ድረስ እንዳላያት ዘጋህብኝ።»

ሰዓቱን እንኳ አንተ እንዳደረግኸው።

 ቤቴ ሮጬ ላፕቶፑን አመጣሁና እትዬ እያለቀሱ፣ ወንድማቸው ጉንጩን እንደያዘ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሎጉን ከፈትሁ። ይሄን ጊዜ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ቃል በቃል አነበብሁት። ጊዜው አልፏል አይልም። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነው የሚለው። ከመስመሩ ፊት ማሽኑ ራሱ የጻፈው ቀን አለ፤ የኛው ነሐሴ፣ የኛው ዓመት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦክሱ ኢንተርኔት ላይ ካለ ማስቀመጫ ጋር ከመነጋገሩ በፊት መታወቂያ ይጠይቃል። መታወቂያው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል በፈረንጅ ቀን የተጻፈበት ነው። እኔ ደግሞ ቦክሱን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሼዋለሁ። ማስቀመጫው የዘንድሮ መታወቂያውን በዘረጋለት ቁጥር ቦክሱ ቀኑን ያያል፣ ይሄ ወረቀት ገና ወደፊት የሚወጣ ነው ይላል፣ በሩን ይዘጋል። ሦስት አርብ ሙሉ ልጅቱ በር ላይ ቆማለች፤ አላስገባ ያላት የእኔ ሐበሻ ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ጥፋት ፈረንጅ ቢሞክር እንኳ አይችለውም።

የጻፍሁትን ትእዛዝ አጠፋሁት። ስቸኩል ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ። ቦክሱን አጥፍቼ አበራሁ። ሰዓቱ ወደ ውሸቱ ተመለሰ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ፤ እንደዚያ ቀን ጠብቄ አላውቅም። ምክንያቱም ገና አንድ ነገር አላውቅም ነበር፦ በሩ ሲከፈት ከበስተኋላው ሰው ይኑር አይኑር። የኔ ጥፋት ተገኘ ማለት ልጅቱ ደህና ናት ማለት አይደለም። ይሄን ሳስብ ወንድምየውን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

ከዝርዝሩ አናት ላይ አንድ አዲስ ፋይል ብቅ አለ። ቆየና ሁለተኛው መጣ። ኔትወርኩ እየተንፏቀቀ ሦስተኛውንም አመጣው። የመጀመሪያውን ከፈትሁ። ልጅቱ በሻሽ ተጠቅልላ ከካውያ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። እኔ እፎይ ልል ስል እትዬ፣ «ይሄ የድሮ ነው» አሉ። «የድሮ አውጥተህ ነው የምታታልለኝ። ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ አውቃለሁ።»

 ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ቀን ላሳያቸው አስቤ ተውሁት፤ በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ቀን የማወራ ሰው አልነበርሁም። የመጨረሻውን ከፈትሁት።

«እማ፣ ደህና ነሽ ወይ?» አለች ልጅቱ። «መውሊድ ደረሰ አይደል? ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። እዚህ አያከብሩትም። ለእኔ ብለሽ እዚያው ዱዓ አድርጊልኝ፣ ለሰውም አብዪ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ወፍሬያለሁ፣ እዪኝ።» ዞር ዞር ብላ አሳየች። ካሜራውን የያዘችው ሴት ስትስቅ ይሰማል። ከዚያ ልጅቱ ጠጋ አለች። «እያየሽኝ ይሁን አይሁን እኮ አላውቅም። እያየችኝ ነው ብዬ ነው የማወራው።»

መውሊድ ያኔ ሳምንት ነበር የቀረው። ሁለት ሳምንት ይቀረዋል ማለት የምትችለው ባለፈው አርብ የተቀረጸች ልጅ ብቻ ናት። ይሄን ሒሳብ ለእትዬ መንገር አላስፈለገኝም። በጉልበታቸው እየዳኹ ቴሌቪዥኑ ሥር ደርሰው ነበር።

«አየሁሽ» አሉ። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ፣ ጉንጯ ላይ አደረጉ። «አየሁሽ ልጄ። ይኸው እያየሁሽ ነው።» ቪዲዮው አልቆ ልጅቱ አፏን እንደከፈተች ቆማ ቀረች፤ እሳቸው መናገራቸውን አላቆሙም። ስለ ጤናቸው ነገሯት፣ ስለ ዝናቡ ነገሯት፣ እኔን አሙኝ።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥሁ። እንባዬ መቼ እንደመጣ አላውቅም። ሰው ከትከሻው ላይ የእህል ጆንያ ሲያወርድለት የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው የተሰማኝ። ሥራ እንዳረፈድሁ ትዝ ያለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ትዝ ሲለኝም ግድ አልሰጠኝም።

ትንሽ ቆይተው እትዬ ፊታቸውን በሻሻቸው ጠርገው ወደ በሩ ዞሩ። ወንድማቸው እንደቆመ ነው፤ ይግባ ያለው ሰው የለም።

«አንተስ ታዲያ ምን ሆነህ መጣህ?» አሉት።

ፎጣውን ፈታ። ጉንጩ እንደ ሎሚ አብጧል። በጣቱ ወደ አፉ ጠቆመን፤ ጥርሱን ሊነቀል ነበር የመጣው። ከወግዲ እዚህ ድረስ በዝናብ መጥቶ፣ አንዲት ቃል ሳትወጣው፣ መርዶ ነጋሪ አድርገነው ጠዋቱን ሙሉ በር ላይ አቁመነዋል። እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ ምስኪኑ ሰውዬም ሊስቅ ሞክሮ ጥርሱ ሲያመው ግድግዳውን በቡጢ መታው።

ወደ ጤና ጣቢያ ይዤው ልሄድ ተነሳሁ። ግን በሩን ሳላልፍ መናገር ነበረብኝ፤ ካልተናገርሁት ሌላ ቀን አልናገረውም።

«እትዬ» አልሁ፣ «ያሉት እውነት ነው። የዘጋሁብዎ እኔ ነኝ። ሰዓቱን ላስተካክልልዎ ብዬ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሕንዳዊቷም፣ ኔትወርኩም፣ ማንም አይደለም። እኔ ነኝ።»

 ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝም በወደድሁ።

«አንተ ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንኳንም አንተ ሆንህ።»